ለአንድ የሕፃናት ሐኪም 22 ዓመት

በካፋ ዞን፣ ጨና ወረዳ፣ ዋጫ ከተማ አካባቢ አንድ ጨቅላ ሲታመም የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የቀበሌው ጤና ኬላ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የዋጫ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል። እዚያ ካልተቻለ ሪፈር ይጻፍለትና ወደ ቦንጋ ገብረፃዲቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል ይላካል። ቦንጋ ካልሆነለት ጅማ፣ ጅማም ካልሆነ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ። ከቦንጋ ጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቦንጋ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ። የካፋ ክረምት ረጅም ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው ያሉ ቀበሌዎች ደግሞ ጭቃው ሲበረታ አምቡላንስ አይደርስባቸውም። ሕፃኑን ሰው ተሸክሞት ይወርዳል።

ሐኪሙም ይህንኑ መንገድ ይሄዳል። ከዋጫ ተነስቶ የሕፃናት ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ቦንጋን አልፎ፣ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ዘልቆ፣ ዕድሜው ሠላሳ ሲሞላ ወይም ሲያልፍ ትምህርቱን ይጨርሳል። ልዩነቱ ሕፃኑ ከዳነ እናቱ አዝላው ወደ ቤቱ ትመለሳለች፤ ሐኪሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ስለ ሕፃናት ሕክምና ሥልጠና ርዝመት ሲነሳ መወራት ያለበት ይህ ይመስለኛል። ብዙዎች “ለምን ይህን ያህል ይረዝማል?” ብለው ይጠይቃሉ። ዓመታቱ የበዙት በከንቱ አይደለም። ችግሩ ያለው ዓመታቱ በሚያልፉበት ቦታ ላይ ነው።

ዓመታቱን እንቁጠራቸው። ልጁ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ገብቶ አንድም ክፍል ሳይደግም ቢማር በ19 ዓመቱ 12ኛን ይጨርሳል። ከዚያ ፈተናው አለ። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ከጀመሩበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የአገሪቱ አማካይ ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህር በየዓመቱ የሚለዋወጥበት የገጠር ትምህርት ቤት ከዚህ ቁጥር ውስጥ ስንት ተማሪ እንደሚያዋጣ መገመት አይከብድም። ስለዚህ ለካፋ የሕፃናት ሐኪም ሥልጠና የመጀመሪያው ወንፊት የሕክምና ትምህርት ቤት በር ላይ አልተሰቀለም፤ ዋጫና ቦንጋ ያሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው።

ፈተናውን ያለፈና ሕክምና የደረሰው ተማሪ በፍሬሽማን ይጀምራል። ቀጥለው ተማሪዎች ፒሲ ዋን እና ፒሲ ቱ የሚሏቸው ዓመታት ይመጣሉ፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፋርማኮሎጂ። ከዚያ ሲ ዋን እና ሲ ቱ፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ ዋርድ የሚገባበት፣ ሲኒየሩን ተከትሎ ከአልጋ ወደ አልጋ ራውንድ የሚዞርበት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ኢንተርንሽፕ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቀንና ሌሊት ዲዩቲ። ሁሉም ሲደመር ሰባት ዓመት ገደማ ይሆናል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሌላ የሳይንስ ዘርፍ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ በአጭር ጊዜ የሚያሠለጥን ፕሮግራምም ተከፍቶ ነበር፤ እነርሱም ግን የመጀመሪያው ዲግሪያቸው ሲታከልበት ዓመታቱ ከዚያ ብዙም አይርቁም።

በ26 ዓመቱ “ዶክተር” ይባላል። ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ጂፒ። ከሰባቱ ዓመት ውስጥ ሕፃናትን ብቻ እያየ ያሳለፈው ጊዜ ግን ሲ ዋን ላይ ጥቂት ወራት፣ ኢንተርን ሆኖ ሦስት ወር ገደማ ነው። ዋጫን በመሰለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ የታመመ ልጅ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ይህ ወጣት ነው፤ ወይም የጤና መኮንን። ሁለቱም በሚችሉት ሁሉ ይሠራሉ፤ ብዙ ሕፃናትንም ያድናሉ። ስፔሻሊስት መሆን የሚሻ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓመት በጂፒነት ሠርቶ፣ አገር አቀፉን የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና ተፈትኖ፣ ቦታ ካገኘ ሦስት ዓመት የሕፃናት ሕክምና ይማራል። አንድም ቀን ሳይባክን ከአንደኛ ክፍል ሲቆጠር 12፣ ሲደመር 7፣ ሲደመር 3፣ 22 ዓመት ነው። የአገልግሎቱ ጊዜ ሲገባበት 24 ወይም 25። የልብ፣ የኩላሊት፣ የደምና ካንሰር ወይም የጨቅላ ሕፃናት ንዑስ ስፔሻሊቲ ቢያክልበት ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይጨመራል።

እነዚህ ሦስት የሬዚደንሲ ዓመታት ምን ያስተምራሉ? ሕፃን ትንሽ ትልቅ ሰው አይደለም። ይህን ሐረግ የሕክምና ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ እውነትነቱ የሚገባው ግን ዋርድ ውስጥ ነው።

በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ፣ አምስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። ካፋ ለምለም ምድር ነው፤ ደኑ፣ ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ እንሰቱ። እንዲህ ባለ አገር ልጅ በምግብ እጥረት አይጎዳም ብሎ የሚያስብ አለ። ከእንሰቱ የሚሠራው ቆጮ ግን ኃይል ሰጪ ነው እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ጡት ከተወ በኋላ ወተትም እንቁላልም ባቄላም ሳያገኝ በእርሱ ብቻ የሚያድግ ልጅ እግሩ ሊያብጥ፣ ፀጉሩ ሊሳሳ፣ ፊቱ ሊነፋ ይችላል። ይህን ልጅ የሚያይ ሰው አንጀቱ ይላወስና “ቶሎ አብሉት” ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ተቅማጥ ካለበት ግሉኮስ ሊሰቅልለት እጁ ይቸኩላል። ሁለቱም ሊገድሉት ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ልጅ ልቡም፣ ኩላሊቱም፣ ጉበቱም ሥራቸውን ቀንሰው ነው ያቆዩት፤ በድንገት የገባ ብዙ ምግብና ፈሳሽ ልቡን ያዳክመዋል። ስለዚህ ኤፍ-75 የሚባለው የሕክምና ወተት በኪሎ ተሰልቶ ይሰጠዋል፤ እብጠት የሌለበት የአምስት ኪሎ ልጅ በቀን 650 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በየሦስት ሰዓቱ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ፤ ሌሊትም ጭምር። እብጠቱ የበረታ ከሆነ መጠኑ ይቀነሳል። ሰውነቱ ትኩሳት ማውጣት እንኳ ስለሚያቅተው ኢንፌክሽን ባይታይበትም አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል። በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው፤ እርሱም ትንፋሹና የልብ ምቱ እየተቆጠረ። የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ፣ እብጠቱ ሲጎድል፣ ያን ጊዜ ወደ ኤፍ-100 ወይም ወደ ፕላምፒናት ይሸጋገራል።

ይህ ሁሉ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ለሚችል ሁሉ ክፍት ነው። መመሪያው የማይነግረው ግን ሌሊት በስምንት ሰዓት ሦስት እንዲህ ያሉ ልጆች በአንድ ጊዜ ሲመጡ የቱ ቀድሞ እንደሚሞት ነው። ይህን ዓይን የሚሰጠው ብዙ ሌሊት ብቻ ነው፤ ከኋላው ሲኒየር ቆሞ “ተመልሰህ እየው” የሚለው ብዙ ሌሊት።

ያለጊዜው ተወልዶ 1,400 ግራም ለሚመዝነው ጨቅላ ደግሞ የስህተት ቦታው ከዚህም ይጠባል። የሙቀቱ መጠን ጥቂት ዝቅ ቢል፣ ስኳሩ ቢወርድ፣ ትንፋሹን ለሃያ ሰከንድ ቢረሳው፣ ቢጫነቱ በሦስተኛው ቀን ቢጨምር፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። መድኃኒቱ በግራምና በተወለደበት ቀን ይሰላል፤ አንድ ነጥብ ያለቦታዋ ብትቀመጥ መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። ከሕክምናዎቹ አንዱ ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስሮ ማቆየት ነው። ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ሐኪሞች ማሞቂያ ሣጥን ሲያንሳቸው በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ነው፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ይህም ቢሆን እናቲቱን የሚያሳምን፣ አያቲቱን የሚያስረዳ፣ ሕፃኑ መጥባት ካልቻለ በአፍንጫው ቱቦ የሚያስገባ፣ ከሁሉም በላይ ነርሶቹን የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋል። የጨቅላ ክፍል በነርሶች ነው የሚቆመው፤ ጥሩ የሕፃናት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል የሚታወቀውም በነርሶቹ ነው።

አገራችን ብዙ ሕፃናትን ያዳነችው በሕፃናት ሐኪሞች ብዛት አልነበረም። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ውለታ ቢስ መሆን ነው። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. 123፣ በ2003 ዓ.ም. 88፣ በ2008 ዓ.ም. 67 ሆነ። በመካከሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ፤ ክትባት፣ አጎበር፣ የተቅማጥ ሕክምና ቤት ለቤት ገባ። ቆየት ብሎ ኤክስቴንሽኖቹ የሳንባ ምችን ራሳቸው በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተፈቀደ፤ በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምች ክትባት፣ በ2006 ዓ.ም. የሮታ ቫይረስ ክትባት ተጀመረ። ኢትዮጵያ የሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን የምዕተ ዓመቱን ግብ ከቀነ ገደቡ አስቀድማ ማሳካቷ በመስከረም 2006 ዓ.ም. ይፋ ሆነ።

የጨቅላዎቹን ቁጥር ስናይ ግን ታሪኩ ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. ከሺህ 49 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 29 ደረሱ፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት 33 ሆነው ተገኙ። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጠቅላላ ሞት ከሺህ 59 ነበር። እንግዲህ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና ወር ያልሞላቸው ናቸው ማለት ነው። ቤት ለቤት መዳን የሚችለው በብዛት ድኗል። የቀረው ያለጊዜው የተወለደው፣ ሲወለድ የታፈነው፣ ደሙ የተመረዘው ነው። እርሱን ጤና ኬላ አያድነውም፤ ኦክስጅንና የሠለጠነ እጅ ያለው ሆስፒታል ይፈልጋል፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ።

የሕፃናት ሕክምና በኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ከምግብ ጋር ተያይዞ ያደገ ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክና የሕፃናት ሥነ ምግብ ማዕከል ሥራ ላይ ነበሩ፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት የሕፃናት ምግብ፣ ፋፋ፣ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ስፔሻሊስት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የሕፃናት ሐኪም መሆን የፈለገ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ከተሻገሩት ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። አገሪቱ ለረጅም ዘመን ሦስት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሯት፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ግን ትምህርት ቤቶቹ በፍጥነት በዙ፤ ለካፋ ጎረቤት በሆነችው ሚዛን አማን እንኳ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ማስተማር ጀመረ።

ሌላው ዓለምም ቢሆን አይቸኩልም። አሜሪካ ውስጥ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት ሕክምና፣ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ ነው። ጀርመን ስድስት ዓመት ሕክምና ላይ አምስት ዓመት የስፔሻሊቲ ሥልጠና ትጨምራለች። ደቡብ አፍሪካ አራት። የእኛዎቹ ሦስት ዓመታት ረጅም ናቸው የሚል ካለ ከማን ጋር እንዳነጻጸረ ልጠይቀው እወዳለሁ።

ስለዚህ ወደ መንገዱ እንመለስ። ሬዚደንቱ ሦስቱን ዓመት የት አሳለፈ? ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ በትልቅ ሆስፒታል፣ ላብራቶሪው ቅርብ፣ አማካሪው ስልክ ላይ፣ ጓደኞቹ ዙሪያውን። አግብቶ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ወልዶ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ማታ የግል ክሊኒክ መሥራት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በ31 ዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፉን አስረክቦ ሲወጣ “ቦንጋ ሂድ” ይባላል። ቦንጋ ላይ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ብቸኛው የሕፃናት ስፔሻሊስት ከሆነ ዓመቱን በሙሉ ዲዩቲ ላይ ነው ማለት ነው፤ ፈረቃ የሚቀበለው የለም። የሚያማክረው ሰው የለም። ቤት ራሱ ይፈልጋል። አሥር ዓመት የተማረውን የሚያስረሳው ደግሞ የዕቃ እጥረት ነው፤ ዕውቀቱ እያለ መሣሪያው ሲጠፋ ሐኪም ከደመወዝ ማነስ ባላነሰ ይቆስላል። የደመወዙም ነገር ቢሆን የተረሳ አይደለም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የክፍያና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው በአገሪቱ ብዙ ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ባለሙያው የአገልግሎት ግዴታውን ጨርሶ ወደ ከተማ ሲመለስ ከሃዲ ብሎ መጥራት ቀላል ነው። እኔ ግን አልለውም። 22 ዓመት ሙሉ ከገጠር እንዲርቅ አሠልጥነነው ገጠርን ለምን አልወደድክም ማለት ፍርድ አይሆንም።

ሌላ ዘዴ አለን፤ አዲስም አይደለም። ጅማ በ1975 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲቋቋም ከሌሎቹ የተለየው ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ ነበር። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የላብራቶሪ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወረዳ ጤና ጣቢያ ገብተው ለሳምንታት እየኖሩ ይሠሩ ነበር፤ ትምህርታቸውም ውጤት የሚሰጠው በዚያ ነበር። ይህን ሐሳብ እስከ ሬዚደንሲ ማድረስ ይቻላል። የጅማ የሕፃናት ሬዚደንት ከሦስቱ ዓመት የተወሰኑ ወራትን ቦንጋ ላይ፣ ከዚያም ውስጥ ጥቂት ሳምንታትን ዋጫ ላይ በቋሚ መርሐ ግብር ቢያሳልፍ ሁለት ነገር ይሆናል። ሆስፒታሎቹ ተራ በተራ የሚተካካ ሐኪም ያገኛሉ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። ሬዚደንቱ ደግሞ ከተመረቀ በኋላ የሚሠራበትን አገር ሳይመረቅ ያውቀዋል፤ ጅማ የሚደርሰው ልጅ ከመድረሱ በፊት የት እንደዘገየ በዓይኑ ያያል። ይህ እንዲሆን ግን ቦንጋ ላይ የሚያስተምር ሲኒየር፣ ተማሪው የሚያድርበት ቤት፣ የማይቋረጥ ኦክስጅንና መብራት የግድ ናቸው። ሲኒየር በሌለበት የሚላክ ሬዚደንት ተማሪ አይባልም፤ ርካሽ ሠራተኛ ነው። ይህን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የቋንቋውም ነገር አለ። የሕፃን ሕመም ታሪክ ከሕፃኑ አይሰማም፤ እናቱ ናት የምትናገረው። መቼ መጥባት ተወ? ሲያለቅስ ድምፁ ተለወጠ? ስንት ጊዜ ሸና? የካፋ ገጠር እናት ይህን በካፊኖኖ ነው የምትናገረው፤ በዘርፉ ያልሠለጠነ አስተርጓሚ “ደክሞታል” ብሎ ሲያሳጥረው ሐኪሙ የሚፈልጋት አንዲት ቃል መሐል ላይ ትቀራለች። ከአካባቢው የወጣ ሐኪም የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከሌላ ክልል የመጣ ሬዚደንትም ቢሆን ጥቂት ወራት እዚያ ከኖረ ቢያንስ ጥያቄዎቹን በካፊኖኖ መጠየቅ ይለምዳል።

የካፋ ዞን ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 874,716 ነበር፤ ዛሬ ከዚያ በእጅጉ ጨምሯል። በጤና ሥርዓታችን አሠራር አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከአንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው እንዲያገለግል ይጠበቃል። ቦንጋ እንግዲህ የዞን ከተማ ብቻ አይደለችም፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ለብዙ ዓመታት “ሩቅ ነው” እየተባለ የታለፈው ቦታ ዛሬ የራሱ የጤና ቢሮና የራሱ በጀት ያለው ክልል አካል ነው። ሐኪም ለማሠልጠን የሚልከው ክልሉ ራሱ ነው፤ ሲመረቅ የሚቀበለውም እርሱ ነው።

በ2018 ዓ.ም. ዋጫ ላይ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ሁሉም ተሳክቶላት፣ አንድም ዓመት ሳታባክን የሕፃናት ሐኪም ብትሆን የምትመረቀው ከ2040 ዓ.ም. ወዲህ አይደለም። እስከዚያ በጨና የሚወለዱትን ጨቅላዎች የሚያክሙት ዛሬ ጅማና አዲስ አበባ ዋርድ ውስጥ ዲዩቲ ላይ ያሉት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ደቡብ ምዕራብ የተመደቡት ከመመረቃቸው በፊት የክልሉ ጤና ቢሮ ስማቸውን ይዞ ቢደውልላቸው፣ ቦንጋ ላይ የሚኖሩበትን ቤት ቢያሳያቸው፣ ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ቢያደርግና የጨቅላ ክፍሉ የጎደለውን ከእነርሱ ጋር ቢዘረዝር የሚጠይቀው ገንዘብ አንድን ሐኪም 22 ዓመት ለማስተማር ከወጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም።